ፍየሌ የመሰከረችብኝ የክትባት ችሎት

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። የሽሮው ነው እንዳልል ሽሮ ሁልጊዜም እበላለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን አሳይቶኝ አያውቅም።

በሕልሜ ከተማችንን የሚገዙት ሕፃናት ናቸው። ዳይፐር የታጠቁ ፖሊሶች በየመንገዱ እየዳሁ ትልልቅ ሰው ያሳድዳሉ። የሠፈሩ አባወራ ሁሉ ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቷል። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ መንግሥቴ፣ እኚያ በቁጣቸው ውሻ የሚያስደነግጡት ሰውዬ፣ ቅርንጫፍ አቅፈው «እማዬ!» እያሉ ያለቅሳሉ።

«ምን መጣ ጋሼ?» አልኳቸው ከሥር ቆሜ።

«ክትባት ነዋ ቸኮል! አምልጥ! አዋጅ ወጥቷል። ያልተከተበ አዋቂ ጠላ ቤት አይገባም፣ ሠርግ አይገባም፣ ቀብር አይገባም!»

«ቀብርም?»

«የራሱም ቢሆን!»

ሠርጉንና ቀብሩን ችዬው ነበር፤ ጠላ ቤት ሲሉ ግን እኔም ዛፉን ልወጣ ተንጠለጠልኩ። ወዲያው አንድ ሕፃን ፖሊስ ድኾ ደረሰብኝና የሱሪዬን ጫፍ ያዘ።

«ጣት!» አለኝ።

በክትባት ዘመቻ ጊዜ የተከተበ ልጅ ትንሿ ጣቱ ላይ ጥፍሩ ጥቁር ይቀባል፤ በሕልሙም አገር ሕጉ ያው ነው። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ እንዴ? ቀድሜ ጥፍሬን በእስክሪብቶ አጥቁሬዋለሁ። በኩራት ዘረጋሁለት። ሕፃኑ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተተና ጠባው። ሲያወጣው ጥፍሬ እንደ ወተት ነጭ ነው።

«ፎርጅድ» አለና ለሃጩን ጠረገ።

ዓይኔን ጨፍኜ ብገልጥ ፍርድ ቤት ቆሜያለሁ። ዳኛዋ በመዶሻ ፈንታ በማንኪያ ጠረጴዛውን ትደበድባለች። ልብ ብዬ ሳያት የገዛ ልጄ ትብለጥ ናት! የዘጠኝ ወር ልጅ፣ በውኗ ከ«ባባ» ሌላ ቃል የሌላት፣ እዚያ ግን አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከደብተር ጋር የተጣላሁ ሰው ስለሆንኩ እሱስ ብዙም አይደንቅም።

«ተከሳሽ ቸኮል፣ ለምን አትወጋም?»

አንድ ቀን በሬዲዮ ሲከራከሩ የሰማሁት ትዝ አለኝና ደረቴን ነፋሁ። «ክብርት ዳኛ! ሰውነቴ የራሴ ነው! ያለ ፈቃዴ መንግሥትም ቢሆን መርፌ ሊሰካብኝ አይችልም! መብቴ ነው!»

ችሎቱ አጨበጨበ። ንግግሬ ራሴንም ደስ ስላሰኘኝ አብሬ አጨበጨብኩ።

ዳኛዋ አውራ ጣቷን ከአፏ አወጣች። «ደህና ተናግረሃል። ሰውነትህ ያንተ ነው። ሳልህስ የማን ነው?»

«እ?»

«ስታስል ጉሮሮህ ውስጥ ይቀራል ወይስ ጥሩወርቅ ቤት ይገባል?»

ጥሩወርቅ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ስታነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከአልጋዬ ሳልነሣ ነው።

«ጆሮዬን ስታስበሱኝስ ፈቃዴን ጠይቃችኋል?»

«እሱማ ልማድ ነው እናቴ...»

«ለጉትቻ ሲሆን ልማድ፣ ለኩፍኝ ሲሆን መብት? ምስክር ይግባ!»

ፍየሌ ቡሬ ክራቫት አስራ ገባች። «እምቤ» ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የከብት ሐኪም መጣ የተባለ ቀን ይህ ሰውዬ እኔን ተሸክሞ ወንዝ ተሻግሯል። ስወጋም ቀንዴን ይዞ ‹አይዞሽ የኔ እመቤት› ብሎኛል።»

«የልጁን ክትባት ልትናገር የጤና ጣቢያዋ ሲስተር በላይነሽ ስትመጣስ?» አለች ዳኛዋ።

«አልጋ ሥር ገባ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አጣበበኝ።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ ግን አልሳቀችም። ትንሿን ጣቷን አነሣች፤ ጥፍሯ ጥቁር ነው። «እናቴ ‹ጤና ጣቢያ ውሰዳት› ስትልህ ጠላ ቤት ወስደህ ይህን በማርከር የቀባኸው ለመብቴ ብለህ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ የጫጩት ሆነ። «መርፌ እፈራለሁ። ሰው ሲወጋ ካየሁ እወድቃለሁ። ቡሬንም ሲወጓት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ይወጋ!» ማንኪያው ወረደ።

ሕፃናቱ የስልክ እንጨት የሚያህል መርፌ ተሸክመው መጡ። «የምን ክትባት ነው?» ብዬ ጮኽኩ። «የውሸት መከላከያ» አሉኝ። «ላንተ እንኳ አንዱ አይበቃህም።» ሱሪዬን አወረዱት፤ መርፌው ቂጤን ሲነካኝ...

ባለቤቴ ይርገዱ ናት የቆነጠጠችኝ። ረፍዷል።

«ተነሣ አንተ! ከታቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ መጥተው ሄዱ፤ አንተ ‹ይወጋ› እያልክ ትቃዣለህ!»

«ትብለጥን ወጓት?»

«ለምን ይወጓታል? ጣቷን አይተው ‹ይቺስ ተከትባለች፣ ጎበዝ አባት አላት› ብለው አለፉ። እግዜር ይስጥህ እንጂ የጥሩወርቅን ልጅ ኩፍኝ አጣድፎታል። ትናንት ከትብለጥ ጋር በአንድ ማንኪያ ሲበሉ አልነበር የዋሉት!»

ልጄን ታቅፌ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። መንገዱ ጫፍ ላይ ሲስተር በላይነሽ የክትባት ሳጥኗን ስትዘጋ ደረስኩ።

«ሲስተር! በእናትሽ ውጊያት!»

«ተከትባለች እኮ ጋሽ ቸኮል። ጣቷን አይቻለሁ።»

«እኔ ነኝ የቀባሁት! በማርከር!»

ሲስተር ሳቀች፤ መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ መንግሥቴ እንኳ፣ በሕልሜ ዛፍ ላይ የተውኳቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው «ይህ ልጅ ዛሬ ደግሞ ምን ፈጠረ!» አሉ።

የትብለጥን ጣት አፌ ውስጥ ከትቼ ጠባሁ። አውጥቼ አየሁት፤ ጥቁር ነው። እንደገና ጠባሁ። ለካ የማይለቀውን ማርከር ነበር መርጬ የገዛሁት።