መርከቡ ጥሎን እንዳይሄድ

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። ለሚስቱስ? ስለ እሱ የተባለ ነገር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አባቶቻችን ያን ሁሉ ተረት ሲተርቱ፣ ፈሪ ሰው አግብቶ ወልዶ ከደፋር ሚስቱ ጋር ባሕር ማዶ ሽርሽር እንደሚወጣ አላሰቡትም መሰለኝ። እኔ ግን ይኸው አለሁ። ሲያትል አጠገብ፣ ሾርላይን ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። አለቆቼ ይህን ትጋት ይሉታል። ፍርሃት ነው።

ፍርሃት ስል ደግሞ እንዲሁ በደፈናው አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያ ስገባ፣ ያልያዝኩትን ነገር ሻንጣዬ ውስጥ ያገኙብኛል ብዬ እፈራለሁ። ዜግነት ካገኘሁ ስንት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም መንገድ ስወጣ ፓስፖርቴን በኪሴ ላይ እየዳሰስኩ ነው የምሄደው። የሁሉም አለቃ ግን የሞት ፍርሃት ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው ማንን ቢያገባ ጥሩ ነው? እኔ ያገባሁት ጽጌን ነው፤ በእድራችን ውስጥ ለቅሶ በመድረስ አቻ የሌላትን ጽጌን። ኬንት ሰው ሞተ ሲባል ኬንት ናት፤ ሊንውድ ሲባል ሊንውድ። ሟቹን ማወቅ አለማወቋ ጉዳይዋ አይደለም። እኔ አደርሳታለሁ፤ ከዚያ መኪናዬ ውስጥ እቀመጣለሁ። ሰው ከጠየቀኝ ፓርኪንግ እየፈለግኩ ነው እላለሁ። በዚህች ከተማ ፓርኪንግ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ጠፋ ቢባል የሚጠራጠር የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ጽጌ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ በመርከብ እስያ እንሂድ አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በበጋው ከሲያትል አላስካ ሲመላለስ የሚከርመው መርከብ፣ ብርዱ ሲመጣ ወደ እስያ ይዛወራል፤ ባዶውን ከሚሄድ ብሎ ትኬቱን ያረክሰዋል። ማዕበሉን ሳስብ እምቢ ልል ነበር። ግን አንድ ነገር ልቤን አማለለው። ባሕር ላይ እድር የለም! «እገሌ አርፏል» ብሎ የሚደውል የለም። ጥቁር ልብስ አይታጠፍም፤ ፓርኪንግ አይፈለግም። በሞት ፍርሃት የሚንገበገብ ሰው፣ ጥቂት ሳምንት ሞት ከማይጠራበት ቦታ ልረፍ ቢል ይፈረድበታል? እሺ አልኩ።

ደስታዬን ያደፈረሰችው ልጃችን ሳሮን ናት። በየወደቡ በራሳችን እንደምንዞር ጽጌ ስትነግራት፣ ወደ እኔ ዞራ «ዳድ፣ ዩ ኖው ዘ ሺፕ ዎንት ዌይት፣ ራይት?» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው? ብላት አስረዳችኝ። መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው አስጎብኚ የሄደ ሰው ቢዘገይ ይጠበቃል፤ በራሱ የሄደ ሰው ግን ካረፈደ አረፈደ ነው፤ ጥሎት ይሄዳል። እንዲያውም ተሳፋሪው ሁሉ ሰገነት ላይ ተደርድሮ፣ ወደብ ላይ እየተንቀለቀሉ የሚሮጡትን እያየ ያጨበጭባል። ቪዲዮውን አሳየችኝ። አንድ እንደ እኔ ሆዱ የገፋ ሰውዬ ይሮጣል፤ መርከቡ ይሄዳል፤ ሰው ያጨበጭባል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

ጽጌን ለመንኳት። ግድ የለም፣ በአስጎብኚ እንሂድ አልኳት። ባንዲራ ተከትዬ የምሄድ በግ ነኝ እንዴ? አለች። በራሴ እግር ሄጄ፣ የተገኘውን በልቼ፣ ሰው ማየት ነው የምፈልገው አለች። በዚህ ላይ መርከቡ ላይ እንደወጣን ፓስፖርታችንን ሰበሰቡብን። ለእስያ ወደቦች አሠራሩ እንዲህ ነው ብለው ፎቶ ኮፒ ሰጡን። ኮፒ! አንድ ሰው በባዕድ አገር በኮፒ ማን ይባላል? እጄ ኪሴን በዳሰሰ ቁጥር የሚያገኘው ወረቀት ብቻ ሆነ።

ጃፓን፣ ዮኮሃማ ስንወርድ መላ ዘየድኩ። የመርከቡ ጭስ ማውጫ ከዓይኔ እስካልጠፋ ድረስ እራመዳለሁ፤ ሲጠፋ እመለሳለሁ። ስለዚህ ዮኮሃማን ያየኋት የኋሊት እየተራመድኩ ነው። ናጋሳኪን ወደድኳት፤ ተራራ ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ከየትም መርከቡ ይታያል። ሰው ስለ ናጋሳኪ ሲጠይቀኝ እጅግ ውብ ናት የምለው ስለ መርከቡ ነው፤ ሌላውን ልብ አላልኩትም።

የደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን ግን ሌላ ናት። ከወደቡ ወጥተን ሁለት መታጠፊያ እንደሄድን ፎቁ ከፎቅ ላይ ተደራርቦ ባሕሩንም መርከቡንም ዋጠው። ጽጌ ከፊት ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከኋላ። ዓሣ ተራውን አለፍን፤ ደረጃ ወጣን፤ ደረጃ ወረድን፤ ስልኬ ካርታውን አልከፍትም አለ። ሁሉም ሰው አሥር ሰዓት ላይ መርከቡ ውስጥ መገኘት አለበት ተብለናል፤ ጊዜው ደግሞ ከምሳ አልፏል። ጠፍተናል አልኳት። አልጠፋንም፣ እየዞርን ነው አለች። እርቦኛል አልኳት፤ መቼም ለፈሪ ሰው ረሃብ ሰበብ ነው፣ ምግብ ቤት ገብቶ መንገድ መጠየቅ ይቻላል።

ይህን እያልን አንድ ትልቅ ሕንፃ ፊት ለፊት ደረስን። በሩ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ጉንጉን ተደርድሯል፤ ጽሑፍ ያለበት ረጅም ሪባን ተንጠልጥሎበታል። የጎን በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ ሰው ጫማውን አውልቆ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ይበላል። አዲስ ምግብ ቤት እያስመረቁ ነው አልኳት፤ በምረቃ ቀን ምግብ አያጎድሉም። እንዲህ ዓይነት ብልጠት ሲመጣልኝ ራሴን መፍራት ነበረብኝ። ገባን፤ ጫማ አወለቅን፤ ተቀመጥን።

ምን ልታዘዝ ያለን የለም። ሜኑ የለም። ቀይ ትኩስ ሾርባ፣ ሩዝ፣ በትናንሽ ሳህን የተዘረዘረ ነገር መጣ። ሾርባው በርበሬው ልክ እንደ ቤታችን ነው፤ ግንባሬ ላበው። ጨርሼ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰውንና ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረውን ሰውዬ የአስተናጋጆቹ አለቃ ነው ብዬ በእጄ ጠራሁትና ሒሳብ ምልክት አደረግኩለት። ሰውየው ፈዝዞ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ያን ጊዜ ጽጌ ክንዴን ጨበጠችኝ። ወዲያኛው ክፍል ተመልከት አለችኝ፤ በነጭ አበባ መሐል፣ ጥቁር ሪባን የዞረበት የአንዲት አሮጊት ፎቶ ተቀምጧል። ሴቶቹ ልጆቿ ጥቁር ለብሰው ሥሩ ተቀምጠዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ለቅሶ ቤት ገብተህ ነው ሒሳብ የምትጠይቀው?» አለችኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከሲያትል ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጬ ለቅሶ የሸሸሁ ሰውዬ፣ ፓርኪንግ እንኳ ሳልፈልግ ዘው ብዬ ለቅሶ መሐል ተቀምጫለሁ፤ የሟች ቤተሰብ ያቀረበውን ምግብ ጥርግ አድርጌ በልቻለሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው። በይ ተነሺ፣ ይቅርታ ጠይቀን እንውጣ አልኳት። እሷ ግን ነጠላዋን ከቦርሳዋ እያወጣች ነው። በልቶ ሳያለቅሱ መውጣት ይቻላል እንዴ? ነውር አይደለም? ባልበላን ኖሮ እሺ አለች።

ሄደች። ፎቶው ፊት ቆመች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እናቴ!» ብላ ለቀቀችው። መሬት ብትከፈት በገባሁ ነበር። ፖሊስ ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ፣ ትልቋ ትመስለኛለች፣ ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ያ ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረው ሰውዬ አስተናጋጅ ሳይሆን የሟቿ ልጅ ኖሯል፤ እናቱ ያን ጊዜ በደንብ ተለቀሰች። የማታውቂያትን ሴት ምን ብለሽ አለቀስሽላት? ብዬ ኋላ ጠይቄያታለሁ። ልጆቿ ማልቀስ ፈልገው የሚጀምርላቸው አጥተው ነበር አለችኝ። እኔ ፈርቼ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ፣ እሷ ይህን አይታለች።

ግድግዳው ላይ ያየሁት ሰዓት ነው። ዘጠኝ አልፏል። ጽጌ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች፤ እጇን ይዘዋታል። አንድ ሽማግሌ ሌላ ሾርባ አስመጣልኝ፤ ሽማግሌ ያቀረበውን እንዴት እምቢ ይባላል? በላሁ። ሌላ ሰው የሚጠጣ ቀዳልኝ። ለሐዘንተኛ «ቸኩያለሁ» የሚባለውስ በየትኛው አፍ ነው? እድራችን ውስጥ ለቅሶ ቤት ሰዓቱን ያየ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ይወራበታል። እንደገና አየሁ። አሥር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያ ሆዱ የገፋ የቪዲዮው ሰውዬ ሲሮጥ ይታየኛል፤ ሲጨበጨብ ይሰማኛል። ፓስፖርቴ ሲሄድ፣ እኔ ኮፒዬን ይዤ ስቀር። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እንባ መጣብኝ። ሽማግሌው ለሟቿ መስሎት አቀፈኝ።

በመጨረሻ አልቻልኩም። የመርከቡ ፎቶ ያለበትን የመሳፈሪያ ካርዴን አውጥቼ ለሟቿ ወንድ ልጅ አሳየሁት፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት፤ ከዚያ ፊቴን። ከሦስቱ የትኛው እንዳስረዳው አላውቅም፤ ሰውየው ጮኸ፣ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። አንዱ ጫማችንን ያመጣል፣ አንዷ ሩዝ ኬክ በፌስታል ታስይዘናለች፣ ጽጌ እያንዳንዳቸውን ትስማለች። «ጽጌ፣ በእግዚአብሔር!» እላለሁ። «ቆይ እንጂ፣ ሪላክስ አድርግ፤ ሰው ሳይሰናበቱ ይወጣል?» ትላለች። ሹፌር ተጠራ። ውጭ የቆመው መኪና አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር አውቶቡስ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አበባ የታሰረበት። የቀብር አውቶቡስ ነው። ከላይ ሰው ይቀመጣል፤ ከሥር፣ እኛ ሻንጣ የምናስገባበት ቦታ፣ ሳጥን ይገባል።

አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አውቶቡስ ላይ እግሬ አልነሣም ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ጽጌ ገፋችኝ። ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች ሆኜ ተቀመጥኩ። ከሥር ባዶ ነው ብትለኝም፣ ባዶነቱ ለማን እንደተጠበቀ በምን አውቃለሁ? መኪናው ሁሉ መንገድ ይለቅልናል። ወደቡ በር ላይ ስንደርስ፣ ጠዋት ስንወጣ ኮፒያችንን ሦስት ጊዜ ያገላበጠው ዘበኛ ባርኔጣውን አውልቆ አጎንብሶ አሳለፈን። በሕይወቴ ሰው ባርኔጣ አውልቆ ያሳለፈኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

መርከቡ አለ! መሰላሉ ግማሹ ተነሥቷል። ሰገነቱ ላይ ተሳፋሪው ተደርድሯል፤ ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጅቷል። አውቶቡሱ ቀርቦ ሲቆም ግን እጁ ሁሉ ወረደ። ጽጌ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ እኔ ዓይኔ እንዳበጠ፣ ሩዝ ኬካችንን ይዘን ወጣን። መሰላሉን ያወረዱልን ሠራተኞች «አረፈዳችሁ» ከማለት ይልቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሉን። እራት ላይ ከአጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ቡሳን ላይ ሁለት ተሳፋሪዎች እንደሞቱ ሹክ አሉኝ። ነፍስ ይማር አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ሲያትል ተመልሰን ጽጌ ይህን ሁሉ ለእድሩ ስትተርክ ሰው በሳቅ ይሞታል ብዬ ነበር። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። «እትዬ ጽጌ፣ እርስዎ እንኳን ነገሩ ይገባዎታል፤ ሰው ለቅሶ ደርሶ፣ እህል ቀምሶ፣ በአርባው ይጠፋል?» አሏት። ጽጌ ደነገጠች። ከሟቿ ትልቋ ልጅ ጋር በስልክ ይጻጻፋሉ፤ ስልኩ ይተረጉምላቸዋል። ጠየቀቻት። የእነሱ «አርባ» የሚውለው በአርባ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ እሱም አልፏል። ሙት ዓመቱ ግን አላለፈም። መርከቡስ በየዓመቱ በዚያው ወር አይደል የሚዛወረው?

ትኬቱ ተቆርጧል። ትናንት ማታ የመጨረሻ ተስፋዬን ሞከርኩ፤ ባለፈው በሬሳ መኪና ተረፍን፣ አሁን መርከቡ ጥሎን ቢሄድስ? አልኳት። ሻንጣዋን ዘግታ፣ ምን ቸገረን፣ ዘመድ ቤት እናድራለና አለችኝ።

እንግዲህ መርከቡ ጥሎን ይሄዳል ብዬ መፍራቴን ትቻለሁ። አሁን የምፈራው ጽጌ መርከቡን ጥላው እንዳትቀር ነው።