የተሰወረው ሦስተኛ

(ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ፣ የሰፈሩ ቦኖ ፊት። ውሃው ገና አልመጣም። ባለቤቶቻቸውን ተክተው ተሰልፈው የዋሉት ቢጫ ጀሪካኖች አሁን ክብ ሠርተዋል። መሀላቸው ዳንሰኛው ኣለምሰገድ ጀሪካን አናቱ ላይ ደፍቶ ይሽከረከራል። ከወሎ የመጣው ተሸካሚ ኑርሁሴን ክቡን ይዞራል።)

ኑርሁሴን፦ ወላሂ ሦስተኛ ነበርኩ! ጧት እዚህ ቆሜ ሥራ ሄድኩ፤ ስመለስ የለሁም!

ኣለምሰገድ፦ ዋእ! ይኸው ቆመህ የለም እንዴ ሓወይ?

ኑርሁሴን፦ ጀሪካኔን ነው የምልህ። እሱ ከቆመ እኔ ቆምኩ ማለት ነው።

ኣለምሰገድ፦ (ቀጥ ብሎ) ድገመው! ሰውየው በሌለበት ዕቃው ሰውነት ይሆናል! ይህን ለማሳየት ስድስት ወር ለፋሁ።

ኑርሁሴን፦ ስድስት ወር? እኛ ውሃ በጠፋ ቁጥር ነው የምናደርገው።

ኣለምሰገድ፦ አልገባህም። የሙከራ ዳንስ ነው፤ ቅዳሜ ሓወልቲ አዳራሽ ይታያል። ሰውነት፣ የቤት ዕቃ፣ ቦታ! ጀሪካኖቹን ከሰልፍ ነፃ አወጣኋቸው።

ኑርሁሴን፦ ማን ነፃ አውጣኝ አለህ? ስንተኛ ነኝ አሁን?

ኣለምሰገድ፦ ክብ ውስጥ ስንተኛ የሚባል የለም።

ኑርሁሴን፦ አንደኛ የነበሩት ኣደይ ለተመድህን ሲመጡ እንዲሁ በላቸው።

ኣለምሰገድ፦ (መንገዱን ቃኘት አድርጎ) ይገባቸዋል።

ኑርሁሴን፦ አናትህ ላይ ያለውስ የማን ነው?

ኣለምሰገድ፦ የቤታችን። ጭንቅላቴ እንዲገባ ታቹን ቆርጬ፣ ለዓይኔ ሁለት ቀዳዳ አበጀሁለት።

ኑርሁሴን፦ ታቹን? ሌላ አላችሁ?

ኣለምሰገድ፦ አንድ ነው። ምን አስጨነቀህ?

ኑርሁሴን፦ ባዶ ሊቀር ነዋ!

ኣለምሰገድ፦ ባዶነቱ ነው የሚናገረው! አይ አንተ፣ ጥበብ የት ታውቅና።

(ቧንቧው ያጉረመርማል፤ ውሃ መጣ። ኑርሁሴን እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን የራሱን ጀሪካን ከክቡ አንስቶ ቧንቧው ሥር ይደቅናል።)

ኣለምሰገድ፦ እንዴ! ሦስተኛ ነኝ ስትል አልነበር?

ኑርሁሴን፦ ክብ ውስጥ ሦስተኛ የለም አልከኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?

(ጀሪካኑ ይሞላል። ኣለምሰገድ የራሱን ከአናቱ አውልቆ ተንደርድሮ ይደቅናል። ውሃው በላይ ገብቶ በታች ጫማው ላይ ይፈስሳል።)

ኣለምሰገድ፦ ዋይ ኣነ! እናቴ እኮ ውሃ አምጣ ብላ ነው የላከችኝ! ምን ልበላት?

ኑርሁሴን፦ (ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አውጥቶ እየሄደ) ምንም አትበላቸው ሓወይ። እሱን ብቻ አሳያቸው፤ ባዶነቱ ይናገራል።