ስለት የተሳሉላት የእንግሊዝ መርከብ

የካ ላይ ባሕር የለም። ስለ ባሕር የማይናገር ሰውም የለም። ከባሕር ዛፍ ሌላ ባሕር አይተን አናውቅም፤ ግን ማን ጠየቀን?

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ባሕርን የምር ይፈሩ ነበር። አንድ ልጃቸው ታደሰ ምጽዋ ወርዶ መርከበኛ ሆኗል። የመጀመሪያ ጉዞዬ ደርሷልና ይመርቁኝ ሲል ጻፈላቸው። ሳይመረቅ እንደማይሳፈር ያውቃሉ፤ ስለዚህ መልስ ነፈጉት። የፈሩት ይደርሳል እያሉ ይተርታሉ።

እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝ። ፍርሃት መረጃ ሲያገኝ ይለቃል ብዬ አምናለሁ። ስለ አንዲት የጥንት የእንግሊዝ የጦር መርከብ የሚተርክ መጽሐፍ ነበረኝ። ፍሪጌት ይሏታል፤ ባለ ሦስት ምሰሶ፣ በሸራ የምትሄድ፣ ፈጣን። እሑድ እሑድ እየተረጎምኩ አነብላቸው ጀመር። የነጋዴ መርከቦችን ታጅባለች፣ መልእክት ታደርሳለች ስላቸው፣ ደህና ሥራ ይዛለች አሉ። ከፈረንሳዮች ጋር ስትታኮስ የሟቾቹን እናቶች ጠየቁኝ። መጽሐፉ ስለ እናቶች ምንም አይልም።

በሦስተኛው እሑድ ማዕበል መታት፣ ምሰሶዋም ተሰበረ። እዚያ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ለሥራ በካራ በኩል ወደ ደሴ ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስመለስ እትዬ አስካለ ከስተዋል። ያቺ መርከብ በደህና ከገባች ለሚካኤል ጃንጥላ ተስለዋል፤ ታደሰም ይመረቃል። ካልገባች ግን አይሳፈርም። መጨረሻውን እኔም አላነበብኩትም። ጋዜጠኛ ሳያጣራ ይጀምራል?

እያላበኝ አነበብኩ። እያነከሰች ወደብ ገባች። ተጠገነች፣ ብዙ ዘመን አገለገለች፣ ስታረጅ የዕቃ ማከማቻ ሆነች፣ በመጨረሻም ፈርሳ እንጨቷ ተሸጠ።

“በእርጅና ነው የሞተችው?”

“በእርጅና፣ በአገሯ።”

ትከሻቸው ወረደ። የእኔም።

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ልማድ ነውና፣ ይህ ሁሉ የሆነው ቅድመ አያቶቻችን ሳይወለዱ ስለሆነ ስለቱ አያስፈልጋትም ነበር አልኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝ።

“አየህ ልጄ፣ ሚካኤል ሳልለምነው ነው የሰማኝ።”

ምርቃቱን እየነገሩኝ ጻፍኩ። ስለቱ ሳይገባ ግን እንዳልልከው አስጠነቀቁኝ። ደብዳቤውን በኪሴ፣ ጃንጥላውን በእጄ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ተከተልኳቸው። ቄሱ ስለቱ ለማን እንደሆነ ጠየቁ። ለእንግሊዝ መርከብ ነው አሏቸው። ቄሱ ትንሽ አሰቡ።

“የተጠመቀች ናት?”

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ዕድል ሆኖ ይህንን አንብቤዋለሁ፤ መጀመሪያ ውኃ ስትነካ ወይን አፍስሰውባታል።

“አዎ አባ” አልኩ፤ “በወይን።”

ጃንጥላውን ተቀበሉኝ። እኔም በቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት።