«ማንን ይዞ ይመጣል?» ባዩ ጋሽ ዌንግ

ኮምፒውተር ያለበት ቤት ሁሉ አንድ «አትንኩት» ባይ አለው። ከሌለው ወይ ኮምፒውተሩ ገና ከካርቶን አልወጣም፣ ወይ ተበላሽቶ ተጥሏል። እኛ ታይናን ከተማ ውስጥ ለአሥራ አንድ ትምህርት ቤት ምሳ የምናበስል ነን፤ የእኛው «አትንኩት» ባይ ክቡር ጋሽ ዌንግ ናቸው። ትእዛዝ የሚቀበለውና በየምሳ ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን መለያ ወረቀት የሚያትመው ማሽን ጠባቂ፣ የማሻሻያ ሁሉ ባላንጣ።

ማሽኑ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ያውም የረጋው በሚባለው ዕትም። ሠሪዎቹ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍኑለታል እንጂ ጠባዩን ለዓመታት አይለውጡትም። ጋሽ ዌንግ የቀዳዳ መድፈኛ ሲመጣ በዕለቱ ይጭናሉ። ሌላ አዲስ ነገር ሲመጣ ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እሱስ ማንን ይዞ ይመጣል?» ይላሉ።

ለፕሮግራም ብቻ እንዳይመስላችሁ። አለቃችን እትዬ ቺው ትልቅ የሩዝ መቀቀያ ሊገዙ ሲሉም ይህንኑ ጠየቋቸው። መቀቀያው ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ይዞ መጣ፤ ገመዱ አዲስ ቆጣሪ፣ ቆጣሪው ግድግዳ አፍራሽ። ማርገዜን ስነግራቸው እንኳ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሳይሉ «ማንን ይዞ ይመጣል?» አሉኝ። ተቀየምኩ። ኋላ ልጄ ዩን-ሺ አማቴን፣ የአማቴን ሁለት ድመቶችና የአማቴን ካራኦኬ ይዛ ስትመጣ ገባኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ሾፌራችን ርቦት፣ እንደ አገራችን ልማድ ማሽኑ አደብ እንዲገዛ አናቱ ላይ የተቀመጠውን አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ መክሰስ በላው። ጋሽ ዌንግ ጊዜው ያላለፈበት ሌላ አረንጓዴ ከረጢት እስኪመጣ አንድ ቁልፍ አልነኩም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳይንስ ነው?»

«አይደለም። ቢሆንም ያለ ከረጢቱ ለምን ልሞክረው?»

ዘንድሮ ዩን-ሺ ምሳችንን ከሚበሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ገባች። ኦቾሎኒ ከቀመሰች ጉሮሮዋ ያብጣል። የእኛ መለያ ወረቀት ደግሞ «ኦቾሎኒ የለበትም» የሚለውን ጉንዳን በሚያህል ፊደል ነው የሚያትመው። አዲሱ የማተሚያ ፕሮግራም ግን ምሳ የምታድለው አስተማሪ ከሩቅ የምታየው ትልቅ የኦቾሎኒ ሥዕል ያወጣል። ትምህርት ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሄድኩባቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይጫኑልኝ። አንድ ናት።»

«አንድ የሚባል ነገር የለም።»

ለመሞከሪያ ያስቀመጡትን ሁለተኛ ማሽን ከፍተው፣ ሳይጭኑ፣ ቢጫን ምን እንደሚሆን ጠየቁት። መልሱን እንደ ሙሾ አነበቡልኝ። አዲሱ ፕሮግራም አዲስ የፊደል ፓኬጅ፣ ማለት ሌላ ጥቅል ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። የፊደሉ ፓኬጅ ሁሉም የቆመበት መሠረት ይቀየርልኝ ይላል። መሠረቱ ሲቀየር ሠላሳ አንድ ፓኬጅ ይሰናበታል። «ትእዛዝ መቀበያው፣ ማተሚያውን የሚያናግረው...»

«ማተሚያውንም?»

«ለአንድ እንግዳ ብለሽ የሰርጉን ድንኳን አፍርስ ነው የምትዪኝ።»

«ልጄ ናት እኮ ጋሼ!»

«ሰኞ ጭራሽ መለያ ባይኖርስ? ያኔ የማን ምሳ የማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?»

አለቀስኩ ማለት አልፈልግም። በሩን ግን በደንብ ዘጋሁት። ዓርብ ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ማተሚያው መለያ ይተፋል፤ ኦቾሎኒ የማይስማማቸው ልጆች መለያ ሁሉ ላይ ወፍራም ኦቾሎኒ ተንጋሎ፣ ትልቅ ሰረዝ ተሰምሮበት።

«መሠረቱን ቀየሩት?» አልኩ ደንግጬ።

«ምን በወጣኝ! ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ ወስጄ በራሳችን አሮጌ መሠረት ላይ እንደገና ሠራሁት። ብቻውን ገባ፤ ዘመዶቹን በር ላይ መለስኳቸው። ሁለት ቀን ፈጀ።»

የቆሻሻ ቅርጫቱ ሞልቶ ፈስሷል። አንዱን መለያ አነሳሁ፤ ዩን-ሺ ይላል። ሌላውም ዩን-ሺ። አንዱ የተንጋደደ፣ አንዱ ግማሽ ኦቾሎኒ፣ ሁሉም ዩን-ሺ።

«ወረቀት እንዲህ ይባክናል? ደግሞ ስንት ልጅ እያለ የእሷ ስም ብቻ?»

«የሌሎቹን እናቶች አላውቃቸውም» አሉ ወደ ማሽኑ እንደዞሩ። «አንቺን ግን በየቀኑ ማየት አለብኝ።»

ዩን-ሺ የዚያን ቀን ምሳዋን አጥርጋ በልታ፣ መለያውን ግንባሯ ላይ ለጥፋ ወጣች። አላስነሳም ስትለኝ እንዳለች ይዣት ሄድኩ። ጋሽ ዌንግ ጎንበስ ብለው ግንባሯን መረመሩ።

«ቀጥ ብሎ ታትሟል» አሉ።

ከእሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።