ድንኳኑ የኛ መስሎኝ ነበር

ወገን፣ ከነገ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ስሄድ ብታዩኝ ምክንያቱን ከሰው ሳይሆን ከራሴ ስሙ።

ዛሬ በገዛ ማይኬ፣ በገዛ አፌ፣ በጠራራ ፀሐይ ተዋረድኩ!

ለማታውቁኝ፦ ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ያለችውን ትንሽ የኪነ ጥበብ ማዕከል የምመራው እኔ ነኝ። ቲያትር፣ ከበሮ፣ ሥዕል እናስተምራለን።

እናስተምር ነበር ብል ይሻላል።

ባለፈው ክረምት ነፋስ የአዳራሻችንን ቆርቆሮ ከአንድ ጥግ በቀር ገንጥሎ ወሰደው፤ የቀረውን በላስቲክ ሸፍነን ነው ያለነው። በዚያ ላይ ሰፈሩ ለልማት እየተነሳ ግማሹ ተማሪያችን ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባ። እኔም ራሴ አሁን የምመጣው ከከተማው ዳር፣ ታክሲ እየቀያየርኩ ነው።

"ዝጊውና ሥራ ፈልጊ" ያላለኝ ሰው የለም። እናቴ እንኳ ብላኛለች።

አልዘጋም!

ስለዚህ ዛሬ፣ ጣሪያችን ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያውን ኮሜዲ በራችን ላይ ልናሳይ ተሰናዳን። የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ለዛሬ ድንኳን ሊያውሱን ቃል ገብተዋል። ስለ ጣሪያው ስጠይቃቸው ግን ለወራት መልሳቸው አንድ ነው። "እናያለን።"

ጠዋት ከታክሲ ወርጄ ወደ መንገዳችን ስታጠፍ ምን ባይ ጥሩ ነው? ድንኳኑ በራችን ላይ ተተክሏል። ወንበሩ ተደርድሯል። ሰዉ ጢም ብሎ ሞልቷል!

ከሰዓቱ በፊት! በአዲስ አበባ!

እንዴት ነው ያልጠረጠርኩት?

ከተዋንያኑ ጋር አስቀድመን ተስማምተናል። እነሱ በጓሮ በር ገብተው ይለብሳሉ፣ እኔ ሰዉን አስጨበጭባለሁ፣ ጭብጨባ ሲሰሙ ከበሮ እየመቱ ይገባሉ።

የፀሐይ መነጽሬን እንኳ ሳላወልቅ ስፒከሬን አንጠልጥዬ ገባሁና ማይኬን ከፈትኩ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ከዚህ ድንኳን ሳይስቅ የሚወጣ ሰው አይኖርም!"

ጭጭ።

አፍረው ነው ብዬ ገፋሁበት። ሐዘናችሁን ውጭ ጥላችሁ ግቡ አልኳቸው። አዎ፣ ብያለሁ። በዚሁ አፌ!

"እስቲ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!"

አንድ ሽማግሌ ብቻ አጨበጨቡ። ጆሯቸው በደንብ እንደማይሰማ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የሳቸው ጭብጨባ ግን በቂ ነበር።

ከበሮው ተጎሰመ! ዋናው ተዋናያችን ዳግም የጥጥ ጢም ለጥፎ፣ ሆዱ ላይ ትራስ አስሮ፣ እስክስታ እየወረደ ከች አለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ያኔ ነው መነጽሬን ያወለቅኩት።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አየሁ። ጥቁር የለበሱ ልጆች አየሁ። መካከላቸው ከማዕከሉ ጋር ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤታችን ወይዘሮ አስናቀች ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ የባለቤታቸው የጋሽ በየነ ፎቶ አለ።

የለቅሶ ድንኳን ነበር።

ለካ ጋሽ በየነ ትናንት ማለዳ አርፈው ከሰዓት በኋላ ተቀብረዋል። ጋሽ ታደሰ ሊነግሩኝ ሲደውሉ ስልኬ ጥገና ቤት ነበር።

ዳግም እንደቆመ ደርቆ ቀረ። ትራሱ ከሆዱ ተንሸራቶ ዱብ አለ። ከኋላ ያለው ከበሮ መቺ ደግሞ ምንም ስላልታየው መምታቱን ቀጥሏል!

ጋሽ በየነ እኮ ማለት… ቅዳሜ ቅዳሜ ከበሮ ስንለማመድ ግድግዳውን በከዘራ የሚደበድቡብን ሰው ነበሩ። ጸባቸው ለከት አልነበረውም። ጣሪያችን የሄደ ዕለት ግን በዚያ ዝናብ የራሳቸውን ላስቲክ ተሸክመው ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ከበሮዎቹን አንድ በአንድ እየሸፈኑ፣ "ዝም እንዲሉ ነው እንጂ የፈለግኩት፣ እንዲበሰብሱ አይደለም" አሉኝ።

ይሄ ትዝ ሲለኝ እዚያው በቆምኩበት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ማይኩን አልዘጋሁትም ነበር! ለቅሶዬ በስፒከር እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ተሰማ።

ወይዘሮ አስናቀች ተነስተው መጡ። ማይኩን ከእጄ ወሰዱ፣ መዝጊያውን ፈልገው አጡት፣ ለዳግም ሰጡት። ከዚያ ትከሻዬን ያዙ።

"ነይ ተቀመጪ ልጄ። እሱ ቢኖር ይሄኔ ግድግዳውን ይደበድብልሽ ነበር።"

ፈገግ አሉ። ፈገግታው ሳይጠፋ ደግሞ አለቀሱ። ድንኳኑ ሁሉ አብሮ አለቀሰ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሮጬ ታክሲ ውስጥ ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ቤተሰቡን እንዲህ ረብሼ የት እሄዳለሁ? ተዋንያኑን በጓሮ ሰብስቤ ዛሬ ትርዒት እንደሌለ፣ ግን ማንም ወደ ቤቱ እንደማይሄድ ነገርኳቸው። ልብሳቸውን ቀይረው ወንበር ተሸከሙ፣ ውሃ ቀዱ፣ ሰሃን አጠቡ። ዳግም አገጩ ላይ ጥጥ እንደተጣበቀበት እንግዶችን እጅ ሲያስታጥብ ዋለ። ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም፤ የለቀስተኞቹ ልጆች እሱን እያዩ ፈገግ ይሉ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡን ለቀቀው። ድንኳኑ አልበቃ ሲል አዳራሻችንን ከፈትኩ። ደረቁን ጥግ ለሴቶቹ ሰጠን። ለጋሽ ታደሰ የቀረላቸው ቦታ የላስቲኩ ቀዳዳ ሥር ያለው ነበር።

በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ሆን ብዬ አይደለም!

ጠብ። ሽሯቸው ላይ።

ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ። ጠብ። አሁን ደግሞ መላጣቸው ላይ። ቀና ብለው ጣሪያውን ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ጆግ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

"ሁልጊዜ የምትዪኝ ይሄንን ነው እንዴ?"

"አዎ ጋሼ።"

ሰሃናቸውን በእጃቸው ከልለው ጥቂት ከበሉ በኋላ፣ ዕድሩ መጋዘኑን ሲያድስ የተረፈ ቆርቆሮ እንዳለ ነገሩኝ። ሠልስቱ እንዳለፈ ሰው ይዘው መጥተው ያስመቱልናል። ሙሉውን አይሸፍንም፣ ግማሹን ነው አሉ።

ግማሽ! ለወራት ስመላለስ ሩቡን እንኳ አላገኘሁም። በግማሽ ጣሪያ እንጀምራለን፤ ለሌላው ግማሽ ደግሞ ነገ በር ማንኳኳቴን እቀጥላለሁ።

ከመሄዴ በፊት ወይዘሮ አስናቀች ዘንድ ቀርቤ ሥራችንን መቼ ብንጀምር ደስ እንደሚላቸው ጠየቅኳቸው። እሳቸው አርባው እስኪወጣ እንድንቆይ ከፈለጉ እንቆያለን አልኩ።

"ከበሮው አርባው እስኪወጣ ይቆይ" አሉኝ። "ድራማውን ግን ጀምሩ። ቤቴ ጸጥ ሲል እፈራለሁ።"

 እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

እና ይኸው፣ ልምምዱ አልተሰረዘም። ኮንዶሚኒየም የገባችሁ ተማሪዎቼ ሁሉ፣ ታክሲ ቀያይራችሁም ቢሆን ትመጣላችሁ። ያለ ከበሮ እንሠራለን፣ በግማሽ ጣሪያ እንሠራለን፣ ከዘነበም ወደ ደረቁ በኩል እየተጠጋን እንሠራለን።

አንድ ችግር ብቻ አለብኝ፣ በኮመንት እርዱኝ።

ወይዘሮ አስናቀች ለግማሹ ጣሪያ ምርቃት ኮሜዲያችንን ስናሳይ ፊት ወንበር ላይ ካልተቀመጥኩ ብለዋል። ጥቁራቸውን እንደለበሱ፣ ዘመድ አዝማድ ይዘው ይመጣሉ።

የኮሜዲያችን ታሪክ ምን መሰላችሁ? ሚስቱን ለመፈተን ሲል የሞተ መስሎ የሚተኛ ባል!

አሁን እኔ ምን ይሻለኛል?