የጎረቤቶቼ የምስጢር ፍቺ

ፍቺውን ከሰው የሚደብቅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ጎረቤቶቼ አያሌውና ጥሩዬ ናቸው። የእንጅባራ ሰው እንዳይሰማ መዝገቡን ዳንግላ አስከፈቱ፤ ችሎቱም ዝግ እንዲሆን አመለከቱ። በቀጠሮው ዕለት የት እንደሚሄዱ ስንጠይቃቸው «ዳንግላ፣ የታመመች አክስት ልንጠይቅ» አሉን።

ታዲያ እኛ ታማሚ ሳንጠይቅ ልንቀር ነው? ብርቱካን ይዘን ሚኒባሱን ሞላነው! ምን ያድርጉ? የአያሌው አክስት ቤት ይዘውን ሄዱ። ጥሩዬ ቀድማ ሮጣ፣ በርበሬ ሲቀነጥሱ ያገኘቻቸውን ጤነኛ ሴትዮ አልጋ ላይ አጋደመቻቸው፤ አያሌው ብርድ ልብስ ደረበባቸው።

«ኧረ ልጆቼ፣ ምኔን ነው ያመመኝ?» ሲሉ ባልና ሚስቱ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። ቀጠሮውም በዚያው አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ፍቺ ያነሳ የለም።

ጥሩዬ ይህን ያጫወተችኝ ለማንም እንዳልናገር አስምላ ነው። ምስጢር እንዲህ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም፤ ዳኛው እንኳ አልሰሙትም!