የወይዘሮ ዘርፈሽ አራት መቶ ፊርማ

በካርቱም ከፖሊስ ያመለጠ ሐበሻ ሞልቷል፤ ከወይዘሮ ዘርፈሽ ወረቀት የሚያመልጥ ግን ገና አልተወለደም። እንዲህ ያሉ ፊርማ ሰብሳቢዎች ከየሰፈሩ አይጠፉም። እሳቸው ኦምዱርማን ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ፤ በርበሬው ግን ሰበብ ነው። ዋና ሥራቸው መንግሥት ለካንሰር ምርምር በጀት እንዲመድብ፣ ስደተኛውም በጥናቱ እንዲቆጠር ሰው ማስፈረም ነው።

“ያላ፣ ፊርማ አይገድልም!” ይላሉ፣ ሰውን በዐረብኛ “ቶሎ በል” እያጣደፉ። ሙሽራ ከሚዜዎቹ መሐል ጎትተው አስፈርመዋል። ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩ እንኳን አላመለጣቸውም። አል-ማንሺያ ሰፈር ቪላ የሚጠብቀው ዘበኛው ጥላዬ ደግሞ በበሩ ፍርግርግ ሾልኮ በገባ ወረቀት ተያዘ። እህቱ ለተብርሃን ጡቷን ታማ ሶባ ሆስፒታል ትታከማለችና እምቢ ማለት አፈረ። የመንግሥት ወረቀት ስለሚፈራ ግን የክርስትና ስሙን ጽፎ ተገላገለ።

ሐሙስ ዕለት ክብርት ወይዘሮ አራት መቶ ስም ይዘው ሚኒስቴር ገቡ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሉጥፊያ ዝርዝሩን አገላብጣ፣ “ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች አባት የላቸውም?” አለች። ለካስ ሕዝቡ ግማሹ ለጸሎት መስሎት፣ ግማሹ እንደ ጥላዬ ፈርቶ የክርስትና ስሙን ብቻ ሰጥቷል። እሑድ እዚያ የሥራ ቀን ነውና የበጀት ኮሚቴው ያን ዕለት ይሰበሰባል፤ እስከዚያ መኖሪያ ፈቃድ ላይ ያለው ሙሉ ስም ካልመጣ ማመልከቻው አይገባም።

ዓርብ ወይዘሮ ዘርፈሽ ጥላዬ በር ላይ መጥተው የሆነውን ነገሩትና ዝም ብለው ተቀመጡ። ያ አፍ ሲዘጋ ማየት ጥላዬን አስደነገጠው።

“እትዬ፣ እኔም አጭበርብሬዎታለሁ” አለና ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ። ከዚያ በሩን ለባልደረባው አደራ ብሎ ከዘበኛ ወደ ዘበኛ ሮጠ። “ያላ፣ ፊርማ አይገድልም!” የሚለው ድምፅ የራሱ መሆኑን ሲሰማ ሳቁ መጣ።

እሑድ ጠዋት ሦስት መቶ አሥር ስም ከነአባቱ ቀረበ። ሉጥፊያ ማኅተሙን ጧ! አደረገችና፣ “ዛሬውኑ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል፣ ኢንሻአላህ” አለች። ወይዘሮዋ ሚኒስቴሩ ውስጥ እልል አሉ፤ ጥላዬም አብሮ ዘለለ።

ደጅ ሲወጡ፣ “የድሮው ዝርዝርስ?” አላቸው።

“ለቄሱ ሰጠሁት። ለጸሎት የተጻፈ ይጣላል እንዴ?”

“እንግዲያው የእህቴን ክርስትና ስም ይጨምሩልኝ።”

“የወለተማርያምን? መጀመሪያ በእጄ የጻፍኩት እኮ እሷን ነው!”

ጥላዬ እንዲህ ያለ ነዝናዛ እግዜር ለየሰፈሩ ይስጥ ብሎ በልቡ መረቃቸውና እጁን ዘረጋ።

“ለእኔም ባዶ የፊርማ ወረቀት አለዎት?”